የላይል መኪና አልነሳ ያለ ዕለት

እስቲ ቁጭ በሉና ስሙኝ። ስልኩ ሲጮህ ጋራዣችን ውስጥ ነበርኩ፤ በአንድ እጄ የእጅ ባትሪ ይዣለሁ፣ የቤተ ክርስቲያን ጫማዬን እንኳን አላወለቅኩም። ስልኩ ባለቤቴ ላይል ድሮ ግድግዳው ላይ የሰቀለው ባለገመዱ ነው፤ ገመዱ እስከ መኪናው አፍንጫ ድረስ ነው የሚደርሰው። የደወለው ትልቁ ልጄ ዌንደል ነው። አሪዞና ነው የሚኖረው፣ እሑድ እሑድ ይደውላል። እሱ ያለውን አልጻፍኩትም፤ ከእኔ መልስ ትረዱታላችሁ።

— ሄሎ... አቤት ዌንደል... ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ልጆቹስ?... እንኳን ለአባቶች ቀን አደረሰህ፣ አንተም አባት ነህ።... ምን ይጮሃል? የመኪና ማስነሻው፣ ሞተሪኖው ነው።... የማን ይሆናል፣ የአባትህ ዶጅ ነዋ። ይዞራል፣ ይዞራል፣ አይነሳም።... አዎ፣ የአሮጌ መኪኖቹ ሰልፍ ዛሬ ነው። እሱማ መች ይጠፋኛል።

— ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ። ፓስተር ሊንድ እንደ ሁልጊዜው ኮፈኖቹን አስከፍቶ ለእያንዳንዱ መኪና ጸለየ፤ የእኛ ቦታ ባዶ ነው። ሰው ሁሉ ዞር እያለ ያየኛል። ጸሎቱ ሲያልቅ ቤት መጣሁ፣ ወንድምህን ሞተሩ ላይ ተደፍቶ አገኘሁት።... ራስል ነዋ። ሌላ ወንድም አለህ?

— ሰልፈኞቹ አሁን ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ውስጥ የድንች ሰላጣቸውን እየበሉ ነው። እንደጨረሱ ይነሳሉ። በዋናው መንገድ፣ በእህል ጎተራው አድርገው፣ ከዚያ በአረጋውያኑ ቤት በኩል። አባትህ እዚያ ከቁርስ ጀምሮ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል አሉኝ፣ ቆቡን አድርጎ።... አይ፣ ማንንም አይለይም። ሐሙስ ዕለት እኔን «እመቤቴ፣ ባልሽ ይፈልግሽ ይሆናል፣ ወደ ቤትሽ ግቢ» አለኝ።... ምን እላለሁ፣ እሺ ብዬ ገባሁ።... መኪናውን ግን ይለያል። አምና መስኮቱ ሥር ቆመው አንዴ ጋዝ ሲሰጡት፣ «የኔ ነው» አለ። ዓመቱን ሙሉ የተናገረው ቁም ነገር እሱ ነው። ዛሬም ያንን ልስማ፤ ሌላ አልለምንም።

— እንግዲህ ንገረን፣ አንተ ታውቀዋለህ። ከአባትህ ጋር ስንቴ ፈታችሁታል።... ለእሱ ልስጥህ? ቆይ... ራስል፣ ወንድምህ ነው፣ ታናግረዋለህ?... እጄ ዘይት ነው ይላል።... እኔም አይቻለሁ፣ ዘይት የለውም።... አንተስ ልስጥህ ብልህ ታናግረዋለህ?... ይኸው። ሁለታችሁም ያው ናችሁ። የመኪናውን ቁልፍ ለራስል የሰጠው አባታችሁ ነው፣ እኔን ለምን ታደርቁኛላችሁ። በሉ እኔ አመላልሳለሁ።

— ራስል፣ ነዳጅ አለው ወይ ይልሃል።... ሽታው አፍንጫው አይደርስም ወይ ይላል።... ልክ ነው ዌንደል፣ እኔም ራሴን እያዞረኝ ነው።... እሺ። ራስል፣ አንዱን ገመድ ከካንዴላው ንቀልና ጫፉን ብረት አጠገብ ያዘው ይላል፣ እሳት ይሰጥ እንደሆነ እንይ። በባዶ እጅህ አይደለም፣ በፒንሳ።... ቁልፉን እኔ? ዌንደል፣ ገመዱ አይደርስም፣ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ላስቀምጥህ ነው። እንዳትዘጋ...

— ... ሄሎ? ትሰማኛለህ?... ምንም። ብልጭ ያለ ነገር የለም።... አዎ፣ ጸልዬ ነው ያዞርኩት።

— ኮፈኑን ከፍተህ ብታየው ግን አንጀት ያርሳል። ክረምቱን ሙሉ ሲቀባው ነው የከረመው፣ ሰማያዊ። ከሞተሩ ኋላ ያለውን የብረት ግድግዳ፣ ብሎኑን፣ ሁሉንም። ፊትህን ታይበታለህ።... እሺ፣ እሺ። ቀለሙን አልጠየቅከኝም።

— ራስል፣ እሳቱን የሚያመነጨው ኮይል መብራት ይደርሰዋል ወይ ይላል።... መሞከሪያ አምፖሏ በራች፣ ይደርሰዋል ይልሃል።... የቱ ነጭ ሸክላ?... እ፣ ከሞተሩ ኋላ ግድግዳው ላይ ያለው፣ ኤሌክትሪኩ የሚያልፍበት። ራስል፣ ነጩን ሸክላ ንካው፣ ሞቋል ወይ ይላል።... ሞቋል። አቃጠለኝ ይልሃል።... ወንድምህ ሳቀ፣ ራስል።... አልሳቅኩም ይላል። ሰምቼዋለሁ እኮ።

— ምን አልክ?... ይሄን አላደርስለትም። ዛሬ እሑድ ነው።... ራስል፣ ወንድምህ ደህና ነህ ወይ ይልሃል።... እ?... ዌንደል፣ እሱም ሰላም ብሎሃል።... አይ፣ እንደዚያ ነው ያለው። ጩኸት ስለበዛ ነው ሌላ የመሰለህ።

— ሳጥኗን?... ራስል፣ ካንዴላውን የምታዘውን ሳጥን ቀይረሃል ወይ ይላል።... ሁለቴ ቀየርኩ ይልሃል፣ ሁለቱም አዲስ ናቸው። የመጀመሪያዋ ተመልሳ ካርቶኗ ውስጥ ገብታ እዚህ ናት። እንዲያውም ሳጥኗን ፈታት፣ ከጀርባዋ ያለውን ብረት ቀባ፣ አደረቀ፣ መልሶ አሰራት። እንዴት ያለ ንጹሕ ሥራ መሰለህ።... ሽቦዎቹ ደህና ናቸው።... መሰኪያውም ገብቷል ይላል።

— ዌንደል፣ ያ ሁሉ ሰው ሰላጣውን ጨርሶ ይሆናል።... አልቸኩልም፣ እየነገርኩህ ነው።... አዎ፣ አዲስ ናት፣ ብሎኖቿም አዲስ ናቸው፣ እነሱንም ቀብቷቸዋል አልኩህ እኮ። ሰማያዊ።... አዎ፣ ከጀርባዋም። እሱንም ብዬሃለሁ።... ዌንደል? ሄሎ? ትሰማኛለህ?

— ቀስ ብለህ በል፣ ልድገመው። ራስል፣ ሳጥኗ ባዶ ብረት መንካት አለባት ይላል።... መካኒኮች ማሳ የሚሉትን የምታገኘው በጀርባዋና በብሎኖቿ ነው። ቀለም ካለ ማሳ የለም፣ ማሳ ከሌለ ኤሌክትሪኩ መመለሻ የለውም፣ እሳትም የለም። ቀለሙን ፋቀው ይልሃል።

— ...

— አልፍቅም ይላል።... ስድስት እጅ ነው የቀባሁት ይላል።... ከሳጥኗ ሥር ነው እኮ፣ ማን ያየዋል ይላል ዌንደል።... እግዚአብሔር ያየዋል ይለኛል። እኔን፣ እናቱን። ይየዋ፣ ራስል። አይቶ የሚከፋው አይመስለኝም።

— ቆይ ዌንደል፣ የሚለው ነገር አለ... ለአባቴ ብዬ ነው የቀባሁት ይላል።... እኔ አውቃለሁ ልጄ። ሌሊት ሌሊት ስትቀባ መብራቱን አያለሁ። ግን አባትህ ጆሮው ነው የቀረው። ቀለሙን አያየውም።

— አቤት?... እንዳለ ላድርስ? ሳልቀንስ?... ራስል፣ ስማ፣ ይሄን እንዳለ ነው የማደርሰው። «እኔም ብሆን አልፍቅም ነበር። እኔ ስቀባማ እንደዚህ አያምርም ነበር። ግን ፋቀው» ይላል።

— ... ካቻቪቴ አነሳ። እየፈታት ነው።... የለም፣ ብርጭቆ ወረቀት ጨርሷል። ክረምቱን ሙሉ ሲሞርድ ነበር እኮ።... የጥፍር ሞረድ ይሆናል? ቦርሳዬ ውስጥ አለ።... ራስል፣ ይሆናል ይልሃል፣ እንካ። ብረቱ እስኪያበራ ይላል። የብሎኑን ቀዳዳ ዙሪያም።

— እየፋቀ ነው።... ከንፈሩን ነክሷል፣ ልክ እንደ አባትህ።... ስማ። ሰማህ? መኪኖቹ ተነሱ፣ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ይሰማሉ።... አይ፣ ፓስተሩ እንዲጠብቁን ለምኗቸው ነበር፤ ሰላጣ ያለቀበት ሰው አይጠብቅም።... ያበራል ይላል። አሁን ብሎኖቹን... እነሱንም ሞረዳቸው። አሰራት። ሄደ፣ ገባ፣ ቁልፉን ያዘ። ዌንደል፣ ዝም በል እስቲ።

— ...

— ሄሎ? ሄሎ? ዌንደል፣ ትሰማለህ?... አትጩህ፣ እኔም አልሰማህም፣ ስልኩን ኮፈኑ ላይ ይዤልህ ነው።... ተነሳ፣ እሱ ነው። እሱ ራሱ ነው።... ድምፅህ ምን ሆነ?... ጉንፋን። እሺ። ራስል፣ ወንድምህ ጉንፋን ይዞታል።... ይማርህ ይላል።

— ምን ልበለው?... ቆይ፣ እሱ መጣ። እጁን እየጠረገ ነው፣ ዘይት የሌለውን።... ስጪኝ? እንካ፤ ግን አጭር አድርገው፣ ሰልፉ ጎተራውን እያለፈ ነው።

— ... ጨረስክ? እሺ ሂድ፣ መጣሁ፣ በሩን ክፈትልኝ።... ሄሎ ዌንደል፣ እኔ ነኝ። ምን ተባባላችሁ?... መስኮቱ ሥር ሁለቴ ጋዝ እንዲሰጥ?... አንዱ ያንተ። ገባኝ።... ገባኝ አልኩህ እኮ፣ አትድገመው፣ እኔንም ጉንፋን ታሲዘኛለህ። ማታ እደውላለሁ። በል ደህና ሁን፣ እግዚአብሔር ይጠብቅህ። ዘጋሁ።

ደረስን። ከመጨረሻዋ መኪና ኋላ፣ ግን ደረስን። ራስል መስኮቱ ሥር አቆመና አንዴ ሰጠ፣ ትንሽ ቆየና ደገመ። ላይል ቆቡን አስተካከለ። «የኔ ነው» አለ። ከዚያ አጠገቡ ወደቆመችው ነርስ ዞር ብሎ «ዘግይቷል» አላት።

እንግዲህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ልጆቹ ገና ሳይወለዱ ላይልም ያንኑ ግድግዳ ቀብቶ ሳጥኗን መልሶ አስሮ፣ እንዲሁ አልነሳ ብሎት ነበር፤ ያኔም የእጅ ባትሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ከቤተ ክርስቲያን መጥቼ ሰማያዊውን ሳየው ገባኝ። ለራስል ልነግረው አፌን ከፍቼ ሳለ ነው ስልኩ የጮኸው፤ እግዚአብሔር ሌላ ሐሳብ አለው ብዬ አፌን ዘጋሁ። ቀለሙን ስንቴ እንዳነሳሁላቸው እናንተው ሰምታችኋል። ራስልን መንገድ ላይ ብታገኙት፣ ወይም ዌንደል ለምስጋና በዓል ሲመጣ ብታዩት፣ እባካችሁ እንዳትነግሩብኝ።