የአቶ ባዘዘው አካለ ወልድ ጤነኛ ልብ

ከልጅነቴ ጀምሮ የሚከተለኝ አንድ ጥያቄ ነበር፤ ለአጎቴ ለአቶ ባዘዘው ክፉ ወሬ የማይነገራቸው ለምንድን ነው? ለቅሶ ቤት ውለን እርሳቸው ዘንድ ስንሄድ ጥቁር ልብሳችንን ቀይረን፣ ሰርግ የዋልን መስለን እንገባ ነበር።

አቶ ባዘዘው ከአባታቸው ከመሪጌታ አካለ ወልድና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጥሩአየሁ በ1965 ዓ.ም. ቢቸና ተወለዱ። ትምህርታቸውን በዚሁ ከተማ ሲከታተሉ፣ ማለዳ ማለዳ በደብረ ወርቅ መንገድ እየሮጡ አድገው፣ የአካባቢውን የረጅም ርቀት ውድድር ደጋግመው አሸንፈው፣ በ1985 ዓ.ም. ለአንድ የአትሌቲክስ ክለብ ተመለመሉ። በቅበላው ምርመራ ግን የልብ ምታቸው እጅግ ዝግ ያለ፣ በራጅ ሲታይም ልባቸው የሰፋ ሆኖ በመገኘቱ፣ መርማሪው የልብ በሽተኛ ናቸው ብሎ ሩጫ ከለከላቸው።

እርሳቸውም ታዘዙ። ሞጣ ገብተው በትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ተቀጠሩ፤ ዳገት ሲገጥማቸው ቆም እያሉ፣ ከሰው ጨዋታ እየራቁ ኖሩ። ወይዘሪት ሥርጉትን ሊያጩ የላኳቸውንም ሽማግሌዎች፣ «የሰው ልጅ በወጣትነቷ መበለት አላደርግም» ብለው ራሳቸው አስመለሱ።

ዘመድ አዝማዱ ከፍቅር ብዛት አብሯቸው አልቅሶ አያውቅም። በ1994 ዓ.ም. እናታቸው ሲያርፉ፣ ልባቸው አይችልም ተብሎ መርዶው ተደበቀ። ለፋሲካ ለእናታቸው ነጠላ ገዝተው ቢቸና ሲመጡ የእናታቸውን መቃብር ሣር ለብሶ አገኙት። ነጠላውን ለማን እንደሰጡት እስከ ዛሬ አናውቅም።

እኔ የእኅታቸው ልጅ ወይንእሸት ማንበብ የለመድኩት እርሳቸው ጠረጴዛ አጠገብ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የስፖርት ሳይንስ ስማር፣ ለዓመታት በብርቱ የሚሮጥ ሰው ልቡ ጎልብቶና ሰፍቶ በአንድ ምት ብዙ ደም ስለሚረጭ፣ ዕረፍት ላይ ሲሆን ቀስ ብሎ መምታቱ የብርታት እንጂ የሕመም ምልክት ላይሆን እንደሚችል ተረዳሁ። በ2007 ዓ.ም. ባሕር ዳር ወስጄ አስመረመርኳቸው፤ ሐኪሙም ልባቸው ጤነኛ መሆኑን፣ ያኔ የታየው የሯጭ ልብ ሳይሆን እንደማይቀር፣ ሩጫ ሲያቆሙም ወደ መጠኑ እንደተመለሰ ነገሩን። ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። እርሳቸው ግን፣ «እንግዲያ እናቴን ሳልቀብር ለምን ቀረሁ?» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ማለዳ ከሞጣ ወጣ እያሉ ሶምሶማ ይሮጡ ነበር፤ ብቻቸውን። ሰው አሁንም ይወድቃሉ ብሎ እየፈራ መንገድ ይለቅላቸው ነበር። ባለፈው ዓመት በያዛቸው የጉበት ሕመም በሕክምናና በጠበል ሲረዱ ቆይተው፣ በዚህ በሚያዝያ ወር 2010 ዓ.ም. በአርባ አምስት ዓመታቸው ዐረፉ።

ትዳር አልመሠረቱም፤ ልጅም አላፈሩም። ወንድማቸውን አቶ ሰማውን፣ ታላቅ እኅታቸውን ወይዘሮ ይርጋነሽንና እኛን ትተው አልፈዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ማኅበር ይደምርልን፤ የቀረነውንም ያጽናን።

እናቴ ወይዘሮ ይርጋነሽ የደም ግፊት ስላለባቸው፣ መርዶው እስከ አርባው ይቆይ ተብሎ ተመክሮ ነበር። እኔ ግን ዛሬ ጎህ ሲቀድ ሄጄ ራሴ አረዳኋቸው፤ እነሆ በመካከላችሁ ቆመው ወንድማቸውን እያለቀሱ ነው።