ስሙን ሳይጠሩ

አቶ ረታ ደረጃ መውጣት ከጠሉ ሰንብተዋል። የዚያን ቅዳሜ ግን ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ሰፈር ከሚገኘው ምግብ ቤታቸው ወደ ፎቁ መውጣት ግድ ሆነባቸው። ለእንግሊዝኛ ትምህርት በነፃ ያዋሱትን ክፍል ሊነጥቁ ቆርጠው ነበር፤ አስተማሪዋ ግጥም ታስተምራለች የሚል ወሬ ደርሷቸዋልና።

ግማሽ መንገድ ላይ ደረታቸውን ይዘው ቆሙ። እንዳጋጣሚ አስተማሪዋ እህተማርያም ከላይ ስትወርድ አገኘቻቸው። ናይሮቢ ተወልዳ ያደገች፣ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች፣ ትሕትናዋን ግን ያልጣለች ልጅ ናት።

«ጋሽ ረታ፣ ደህና ነዎት?»

«ጨጓራዬ ነው፤ ይተወኛል» አሉና ግድግዳውን ተደገፉ። «እውነት ነው ወይ ልጄ፣ ለነብዙነሽ ግጥም ታስተምሪያለሽ የሚባለው?»

«እውነት ነው። ዛሬም አስተምሬያለሁ።»

አቶ ረታ ክህደት ነበር የጠበቁት፤ ለክህደቱ ያዘጋጁት ቁጣ ባዶውን ቀረ። «ስሚኝ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ብዙነሽ እኔ ጋ ወጥ ቤት የምትሠራ ሴት ናት። ሀብታሞቹ ሰፈር ሩንዳ፣ ፈረንጅ ቤት ብትቀጠር ኑሮዋ ይለወጣል። የሚያስፈልጋት ሰላምታ፣ ዋጋና አድራሻ ነው። ጨረቃና አበባ ምን ያደርግላታል? ግጥም የጠገበ ሰው ጨዋታ ነው።»

«ጨረቃም አበባም አላስተማርኳትም። ሳዋ፣ እሺ፣ ላስረዳዎት። የእኛ ሰው ቋንቋ ሲማር ስም ብቻ ይሸመድዳል። ስሙን ካላወቀ ዝም ይላል፤ ካወቀ ደግሞ ጠርቶት ያበቃል። ስለዚህ በግጥም አንድ ነገር አለማምዳቸዋለሁ፤ የነገሩን ስም ሳይጠሩ ምን እንደሚመስል መናገር። ዛሬ ብዙነሽ ስለ በርበሬ በእንግሊዝኛ ምን አለች መሰልዎት? ‹ቀይ ነው። አፍንጫዬን ያንኳኳል። ሳላዝን ያስለቅሰኛል።› ቃሎቿ ሕፃን የሚያውቃቸው ናቸው፤ እኛ ግን ልናስነጥስ ምንም አልቀረን።»

የአቶ ረታ ሳቅ መጣ፤ ዋጡት። «በርበሬን በርበሬ ብትለው ምን ትጎዳለች?»

«በርበሬን አይቶ የማያውቅ ሰው ቤት ብትገባስ? እስቲ እርስዎም ይሞክሩት። ካልረባዎት ክፍሉን ዛሬውኑ እለቃለሁ። ጨጓራ የሚለውን ቃል ሳያነሡ የሚሰማዎትን ይንገሩኝ።»

ይህች ጥያቄ ቀላል አልነበረችም። እኛ ኢትዮጵያውያን ከአንገት በታች፣ ከእምብርት በላይ ያለውን ሕመም ሁሉ ጨጓራ ብለን እናጠቃልለዋለን። ድንበር ስንሻገር እንኳ «ጋስትሪክ» የሚል የጉዞ ስም አውጥተንለት ይዘነው እንገባለን። አቶ ረታም «ጋስትሪክ» ብለው ሐኪም ዘንድ ገብተው የጋስትሪክ መድኃኒት ይዘው ይወጡ ነበር። ሐኪሙም የተነገረውን አከመ።

«ደረጃ ስወጣ» ብለው ለቀልድ ያህል ጀመሩ፣ «አንድ ወፍራም ሰውዬ ደረቴ ላይ ይቀመጣል። ስቆም ይነሣል። ስራመድ ይመለሳል። ግራ እጄን ይዞ ወደ ታች ይጎትተኛል…» የገዛ ንግግራቸው አስደነገጣቸው።

«የሚመጣው ምግብ ሲበሉ ነው?»

«የለም። ብራብም ብጠግብም፣ ስንቀሳቀስ ነው።»

የእህተማርያም ፊት ተለወጠ። «እዚሁ ይቀመጡ ጋሽ ረታ። ታክሲ ጠርቼ ሆስፒታል እንሄዳለን።»

«አሁን? የምሳ ሰዓት ደርሶ፣ ደንበኛው…»

«ደንበኛው ይጠብቃል!» ስትል ጮኸችባቸው። እንዲህ ተናግራቸው አታውቅም።

ታክሲው ውስጥ ያንኑ ንግግር በእንግሊዝኛ አስጠናቻቸው። ሐኪሙ ፊት ሲቀርቡ የልማድ ነገር ሆኖ «ጋስ…» ብለው ጀመሩና ምላሳቸውን ነከሱ። ከዚያም «ፋት ማን» አሉ ደረታቸውን እየመቱ። «ሂ ሲት ሂር። አይ ወክ፣ ሂ ካም። አይ ስቶፕ፣ ሂ ጎ።»

ሰዋስዋቸውን ማንም አላረመላቸውም። ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠና ወዲያው የልብ ምርመራ አዘዘ። የልባቸው የደም ሥር ጠብቦ ነበር፤ በዚያው አስተኟቸው።

አቶ ረታ ድነው ሲመለሱ ያን ደረጃ ቀስ ብለው ወጡት። ተማሪዎቹ ክፍሉን ሊያስለቅቁን ነው ብለው ተሳቀቁ።

«ተሳስቼ ነበር» አሉ በሩ ላይ ቆመው። «ግጥም የጠገበ ሰው ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። ለካ ቃል ላጠረው ስደተኛ ነው ይበልጥ የሚያስፈልገው። ሐኪም ፊት፣ ፖሊስ ፊት፣ አሠሪ ፊት ስትቆሙ የነገሩ ስም ሊጠፋችሁ ይችላል፤ የባሰ ደግሞ የተሳሳተ ስም ይዛችሁ ልትቀርቡ ትችላላችሁ። ምን እንደሚመስል መናገር የቻለ ሰው ግን በጥቂት ቃል ራሱን ያድናል። እኔ ገዳዬን በሌላ ስም እየጠራሁ አብሬው ስኖር ነበር።»

ብዙነሽ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ የዛሬው እንኳ የበርበሬ አልነበረም። «ዌር ኢዝ ፋት ማን ናው፣ ጋሽዬ?» አለቻቸው።

«ደረጃው ላይ ፈለግሁት፤ የለም» አሉ አቶ ረታ። ከዚያም ክፍሉን አንድ ጊዜ ቃኝተው፣ ከታች ለራሳቸው የሚሆን ወንበር እንዲያመጡላቸው ለመኑ።