እስኪሳካ አይነገርም

አዲሱ ገበያ ታክሲ ልይዝ ተሰልፌ ሳለ፣ ጎረቤቴን አቶ ቶለሳን ከልጃቸው ከዶክተር ሊሚ ጋር ከፊቴ ቆመው አየኋቸው። እኔ ጳውሎስ አካባቢ መድኃኒት ቤት ያለኝ ሰው ነኝ፤ ነገር ሲከነክነኝ ዝም ማለት አይሆንልኝም። የልጅቱ ዓይን ቀልቷል።

«ምነው ሊሚ፣ ደህና አይደለሽም እንዴ?»

«ጉንፋን ነው» አሉ አባት ቀድመው።

«አባዬ፣ በቃ! ለጋሽ እንድርያስ እንኳ ልንገራቸው» አለች፤ ነገረችኝም።

ሊሚ እዚሁ ተመርቃ ጳውሎስ ሆስፒታል ሕፃናት ክፍል የምትሠራ ሐኪም ናት። አሜሪካ ሬዚደንሲ የሚሉት የሆስፒታል ሥልጠና ገብታ የሕፃናት ሕክምና ስፔሻሊስት ለመሆን ከባባዶቹን ፈተናዎች አልፋለች። አምና አመልክታም ነበር። አባቷ ግን «እስኪሳካ ለማንም እንዳትተነፍሺ» ስላሏት አለቃዋን ዶክተር ደሳለችን የምስክርነት ደብዳቤ ሳትጠይቅ ቀረች፤ በቅጡ የማያውቋትን ሐኪሞች አስጻፈች። አንድም ሆስፒታል ለቃለ መጠይቅ አልጠራትም። የዘንድሮው ማመልከቻ በሚቀጥለው ሳምንት መግባት አለበት።

እውነቱን ልናገርና ተናደድኩ። ይህች ልማዳችን ስንቱን ልጅ አስቀርታብናለች! ጎረቤት የሚሰማው ሻንጣ ሲታሰር ነው፤ ያልተሳካለት ደግሞ ማንም ሳያውቅለት ብቻውን ያለቅሳል።

«አቶ ቶለሳ፣ እርስዎ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሆነው ቡዳ ይፈራሉ?»

«ኧረ በጌታ! በቡዳ አላምንም። የሰው አፍ ግን እፈራለሁ።»

«እሷን የሚያስፈልጋት እኮ የሰው አፍ ነው! እዚያ ያሉት ሐኪሞች በምን ይመኗት? ሕፃን ስታክም አጠገቧ የቆመ ሰው ይናገርላት እንጂ።»

«ዶክተር ደሳለች ቢቀየሙስ? ጥላን ልትሄድ ነው ቢሉስ? ሳይሳካ ቢቀር ደግሞ መጠቋቆሚያ ትሆናለች።»

«አባዬ፣ አምና ማንም አልጠቆመብኝም፤ ማንም ግን አይዞሽም አላለኝ» አለች ሊሚ። «ሰው ፊት እየሳቅኩ ዋልኩ፤ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ካንሰር የያዘው ልጅ ሲመጣ እናቱን ‹ስፔሻሊስቱ እስኪመጣ ይጠብቁ› እያልኩ መመለስ ሰልችቶኛል። መማር እፈልጋለሁ፤ በጣም ነው የምፈልገው።»

ታክሲ መጥቶ ሞልቶ ሄደ። እኛ አልተሳፈርንም።

«እንድርያስ፣ እውነቱን ልንገርህ» አሉኝ በመጨረሻ። «ሰው ከሰማ ‹መቼ ነው የምትሄደው?› ይለኛል። እናቷ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያለነው ሁለታችን ነን። ካልተወራ... የማትሄድ ይመስለኛል።»

ሊሚ የአባቷን እጅ ያዘች።

«እኔም እኮ ከአሁኑ ናፍቀኸኛል። ብንደብቀውስ ናፍቆቱ ይቀርልናል?»

በሚቀጥለው ታክሲ አብረን ሄድን። ሆስፒታሉ ደርሰን እሷ ወደ ሥራዋ ልትገባ ስትል አባቷ ተከተሏት፤ እኔም ተከተልኩ። ዶክተር ደሳለች የሕፃናት ክፍሉ በር ላይ ነበሩ። አቶ ቶለሳ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ዶክተር፣ ልጄ ልትሄድብኝ ነው» አሉ። «እባክዎ፣ ስለ ሥራዋ ይመስክሩላት።»

«አንቺ ልጅ!» አሉ ዶክተሯ ወደ ሊሚ ዞረው። «አምና ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? ስለ አንቺ የምለው መቼ አጣሁና!»

በማግስቱ ጻፉላት። ወሬው ሲሰማ የክፍል ጓደኛዋ ጀዊሪያ ከአሜሪካ ደወለች፤ ለካ እሷም ለማንም ሳትተነፍስ ሄዳ እዚያው ሬዚደንሲ ላይ ኖራለች! «ሁላችሁም ዝም ስትሉ እኔም ዝም አልኩ» ብላ ሳቀች፤ በስልክም ቃለ መጠይቅ ታለማምዳት ጀመር። ሊሚም በተራዋ ሌሎች የሥራ ባልደረቦቿን ሰብስባ ታለማምድ ያዘች። ያች ሁሉም በየጓዳው የሚዳክርባት መንገድ በአንድ ላይ ሲሄዱባት እንዴት እንደቀለለች እኔ ምስክር ነኝ። ዘንድሮ ሆስፒታሎቹ ጠሯት፤ መጋቢት ላይ ቦታ ማግኘቷ ተነገራት።

በዚያ ቀን አቶ ቶለሳ መድኃኒት ቤቴ መጡ። መንገደኛው ሁሉ እንኳን ደስ አለዎት እያለ ያቅፋቸዋል። ተራዬ ሲደርስ እንዴት እንደሆኑ ጠየቅኳቸው።

«ደስ ብሎኛል፤ ሆዴ ግን ባባ» አሉኝ። «ደብቄው ቢሆን ኖሮ ብቻዬን ልናፍቃት ነበር። አሁን ሰፈሩ ሁሉ አብሮኝ ይናፍቃታል።»

ይህን ብለው አለቀሱ። እኔም አብሬያቸው አለቀስኩ።