ለዊልፍ ራምስደን፣ ስለ ልጁ ቢራ

ክቡር ቄስ ኦልድሮይድ፣ የዊልፍ ልጅ ብሬንዳ፣ ከወንዙ ወዲህና ወዲያ ማዶ የመጣችሁ የሃልትዌይት ሰዎች። በዚህ ዝናብ መቃብሩ ዳር ስለቆማችሁ አክብሬያችኋለሁ። ባርኔጣችሁን መልሳችሁ አድርጉ። ዊልፍ ራምስደን ራሱን በዝናብ የሚያስደበድብ ሰው አይወድም ነበር።

እኔ ጆስ ፔክ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ለዊልፍ ብቅል ስቆላ ኖሬያለሁ። እኔ ቆላሁ፣ እሱ ጠመቀ። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም። ያነበብኩትን ያነበብኩት ከብቅሉ ምድጃ አጠገብ ተቀምጬ ነው። ስለዚህ ያማረ ንግግር አትጠብቁ። ደግሞ ግማሾቻችሁ ሰሞኑን ሰላምታ እንደነሳችሁኝ አውቃለሁ። ለምን እንደሆነም አውቃለሁ። እደርስበታለሁ።

ዊልፍን በምን ታስታውሱታላችሁ? እኔ በእጆቹ ነው። ቢራ ሲቀዳለት ቶሎ አይጠጣም። ብርጭቆውን በሁለት እጁ አቅፎ፣ ቡናማው ቢራ ለብ እስኪል ይጠብቃል። "ቀዝቃዛ ቢራና ዝምተኛ ሰው አንድ ናቸው" ይል ነበር። "ሁለቱም ጉዳቸውን ይደብቃሉ።" ለብ ሲል ያሸታል። ከዚያ ይጎነጫል። ከዚያ ቀና ብሎ እኛን ያያል።

እኛስ ምን እንላለን? "አይከፋም" እንላለን። በዚህ አገር ከዚያ የበለጠ ምስጋና የሰማ ማን አለ? ዊልፍ ራሱ በሠርጉ ቀን ሙሽራዋን አይቶ "አይከፋም" አለ። ሴትዮዋ እስክትሞት ድረስ ስታነሳበት ኖረች።

አንድ ቀን ከደቡብ የመጣ ሰው ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ ያገላብጥ ጀመር።

"የለውዝ ቢራ ነው አላላችሁኝም? ለውዙ የታለ?"

"ለውዝ አልገባበትም" አለው ዊልፍ።

"ታዲያ ምኑ ነው የለውዝ?"

"ቀስ ብለህ ጠጣ፣ ጌታዬ። ከቸኮልክ ጣዕሙ ያመልጥሃል።"

ሰውዬው ቀስ ብሎ ጠጣ። ባቡሩ አመለጠው። ሲወጣ ግን "አገኘሁት" ብሎ ነው የወጣው። ዊልፍ እንዲህ ነበር። ሰው አያስቸኩልም። ቢራ አያስቸኩልም።

ከዚያ ያ የጉሮሮ በሽታ መጣ። ሕክምናው ጉሮሮውን አተረፈለት ሲሉን የምላሱን ጣዕም ወሰደበት። ውሃና ቢራ አንድ ሆኑበት። ለጠማቂ ከዚህ የከፋ ምን አለ? አልጋው አጠገብ ጠራኝና እንዲህ አለኝ።

"ከእንግዲህ አፌ አንተ ነህ፣ ጆስ።"

"እኔ ቃል የለኝም፣ ዊልፍ።"

"ፈልግ። ደግሞ አይከፋም ብለህ እንዳትገላግለኝ። ሞትን ያህል ነገር እየጠበቅኩ ነው፣ ትንሽ ዘርዘር አድርግልኝ።"

ብሬንዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን የጠመቀች ያኔ ነው። ዊልፍ ፍርዱን አስቀድሞ ተናግሮ ነበር። ከሆነላት ቁልፉ የእሷ ነው። ካልሆነላት እሱ ሲሞት የጠመቃ ቤቱ በር ይዘጋል። የራምስደን ስም በመጥፎ ቢራ ላይ አይለጠፍም።

ብርጭቆውን ይዤ ደረጃውን ስወጣ እናንተ ከታች ነበራችሁ። "አደራ ጆስ፣ ጥሩ ነው በለው" አላችሁኝ። "ሊሞት ነው እኮ፣ ምን ይጎዳሃል?" ያለችኝም ዛሬ እዚህ ቆማለች። ስሟን አልጠራም።

ዊልፍ ብርጭቆውን ተቀበለኝ። እንደ ልማዱ በሁለት እጁ አቀፈው። ጠበቅን። ግን እጆቹ ሙቀት አልነበራቸውም። ቢራው እንደቀዘቀዘ ቀረ። መልሶ ሰጠኝ፤ እኔ አሞቅኩት። ብሬንዳ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ቀመስኩ።

"ንገረኝ" አለ።

"ቀለሙ ደህና ነው። የዳቦው ሽታ አለ። ለውዙም ከኋላ አለ።" እንደገና ጎነጨሁ።

"ቀጥል።"

"ቅቤ አለው፣ ዊልፍ።"

እናንተ ቢራውን ትጠጣላችሁ እንጂ ይህን ሁሉ የማወቅ ግዴታ የለባችሁም። እርሾው ሥራውን ሳይጨርስ ቢራውን ከላዩ ያነሳው ሰው ቅቤ ቅቤ የሚል ነገር ያገኛል። ቅቤ ለዳቦ ነው። በቢራ ውስጥ የችኮላ ምልክት ነው።

ዊልፍ ዓይኑን ጨፈነ። "ለምን ቸኮልሽ?" አላት።

"አንተ ለመሄድ ስለቸኮልክ ነዋ፣ አባዬ" አለችው።

ዝናቡ መስኮቱን ይመታ ነበር። ከዚያ ዊልፍ፣ "ድፊው" አለ። ወዲያውም፣ "እንደገና ጀምሪ። በዚህኛው ግን እኔን አትጠብቂ። ቢራውን ጠብቂ" አላት።

ደፋችው። መንገዱ ሁሉ ቅቤ ቅቤ ሲሸት ዋለ። እናንተም ዞር ብላችሁ አላያችሁኝም። "የሞተን ሰው ልብ ሰበረ" አላችሁ። ልንገራችሁ። ዊልፍ ያኔ አልሞተም ነበር። በሕይወት ያለን ሰው እንደ ሞተ ቆጥራችሁ ልትዋሹለት የፈለጋችሁት እናንተ ናችሁ። የምላሱን ጣዕም አጥቷል። እኔ ብዋሸው ምን ይቀረው ነበር? ነገም ቢሆን ያንኑ እለዋለሁ።

ሁለተኛው ጥንስስ ገና አረፋው ሳይወርድ ዊልፍ ሞተ። ብሬንዳ አባቷን ገንዛ ተመልሳ እርሾውን አየች። አልነካችውም። አባቷ ሬሳ ሳጥን ውስጥ ተኝቶ እሷ ጠበቀች። ቢራ ለሞት አይቸኩልም። እሷም አልቸኮለችም።

ዛሬ ጠዋት በርሜሉን ከፈትነው። ቀመስኩ። "እህስ፣ አጎቴ ጆስ?" አለችኝ። "አባትሽ ይቅደም" አልኳት። እስካሁን አልነገርኳትም። እናንተም ስትንሾካሾኩ ሰምቻችኋለሁ፤ በሩ ይዘጋ ይሆን ስትሉ።

ይኸው በካፖርቴ ውስጥ ብርጭቆው አለ። መቃብር ላይ አላፈሰውም። እሱ ማባከን አይወድም ነበር። ሳወራችሁ በእጄ ይዤው ነበር፤ ለብ ብሏል።

ዊልፍ፣ እንግዲህ ስማኝ። አፍህ ነኝ።

ቀለሙ ዝናብ የመታው የረገፈ ቅጠል ነው። ሽታው ከምድጃ የወጣ የዳቦ ቅርፊት። አፍ ውስጥ ሲገባ ትንሽ የተቃጠለ ስኳር። ከዚያ ጠብቄ፣ ጠብቄ፣ ለውዙ መጣ። ደረቅ ነው፣ የተቆላ ነው፣ ቶሎ አይሄድም። መጨረሻው ካንተ ቢራ ይልቅ ይመርራል። ሐዘኗ ገብቶበት ነው የሚል ካለ አትስማው። ጥቁሩን ብቅል አብዝታበት ነው። አንተ ብትኖር በዚህ ትጨቃጨቃት ነበር፤ እሷም አትሰማህም ነበር። ያንተ ቢራ አይደለም። የእሷ ነው።

ብሬንዳ፣ ቁልፉን ኪስሽ ውስጥ አድርጊ።

አይከፋም፣ ዊልፍ።

ቅቤ የለውም። አሁን ተኛ።