ሰርቪሱ ሰው አይጠብቅም

«ሐጅሬ፣ ዛሬስ ብርዱ አጥንት ይሰብራል! የኮዬ ፈጬ ንፋስ እኮ ልዩ ነው፤ ፎቁ ሁሉ አንድ ዓይነት፣ ንፋሱ ግን በየብሎኩ ሌላ። ልጅሽ ሙህሲንስ፣ ሳሉ ተሻለው? ተመስገን።»

መሰለች ፊቷን ያዞረችው አጠገቧ ወደተቀመጠችው ሐጀራ ነው፤ ድምጿን የመጠነችው ግን ከፊታቸው ላለው ለዘካሪያስ ጆሮ ነው። ሁለቱ ሴቶች ቃሊቲ ካለ አንድ ብስኩት ፋብሪካ ማሸጊያ ክፍል ውስጥ አብረው ያረጁ ናቸው። እሱ በምሩቅ ሠልጣኝነት ገብቶ፣ ባለፈው ሳምንት ቋሚ ሠራተኛ የሆነ ልጅ ነው። ሰርቪሱ አሁን ከመነሻው ተንቀሳቀሰ። የማሸጊያ ክፍሏ ፌኔት ልጇን አዝላ፣ እጇን እያወዛወዘች ከኋላ ስትሮጥ ዘካሪያስ በመስኮት አይቷታል። አይቷትም ስልኩ ላይ አቀረቀረ።

«ነዳጅ ቆጠብን ማለት ነው እንግዲህ… እሰይ! ድሮ እኮ ምን የመሰልን ኋላ ቀሮች ነበርን። አንዷ ቃሊቲ ሞግዚት ጋ የምታደርሰውን ልጇን አዝላ እስክትመጣ ሰርቪስ አስቁመን ‹መጣች፣ መጣች› ስንል! የተማረ ሰው ሲመጣ አይደል ዓይናችን የተገለጠው? ‹ሰው ሲጠበቅ የሚባክን ነዳጅ› ብሎ አጥንቶ፣ በስላይድ አሳይቶ፣ አለቆቹን አስጨብጭቦ… ሌሎቹ ሠልጣኞች ማሽን ሥር ተጋድመው በግራሶ ሲለወሱ፣ እሱ ሸሚዙ እንደነጣ ቋሚ ሆነ። ብስኩት ፋብሪካ ገብተው፣ ብስኩት እንዴት እንደሚጋገር ሳያዩ ማደግ ቀላል ጭንቅላት ይጠይቃል?

«እኔማ የአንድ ልጅ የመጀመሪያ ቀን ትዝ ይለኛል… የማን እንደሆነ ተዪው፣ አታውቂውም። አዲስ ሱፍ ለብሷል፣ ክራቫት አስሯል። ፎቆቹ ተመሳስለውበት በማያውቀው ብሎክ በኩል ወጥቶ ጭቃው ውስጥ ሲንደፋደፍ፣ ሹፌሩ ሊነሳ ሞተር አስነስቷል። ያቺ ኋላ ቀሯ ፌኔት አንድ እግሯን ደረጃው ላይ፣ አንዱን መሬት አድርጋ በሩን ያዘች። ‹ከእኔ ጋር ነው፣ እንዳትነሳ!› አለች። ስሙን እንኳ ሳታውቀው! ሲደርስም በልጇ ፎጣ ጫማውን ጠረገችለት፤ ‹በመጀመሪያ ቀንህ እንዲህ ሆነህ አትግባ› ብላ። ያን ቀን የባከነው ነዳጅ… ጥናቱ ውስጥ ገብቶ ይሆን?»

የዘካሪያስ ጆሮ ጋለ። ሹፌሩን ‹አንዴ ቁም› ቢለው ይቆምለት እንደነበር ያውቃል። ግን ገና ቋሚ በሆነ በሳምንቱ የራሱን ሐሳብ ራሱ ቢያፈርስ አለቆቹ ምን ይሉታል? አንገቱን ኮሌታው ውስጥ ቀበረ፤ ፌኔትም ከዓይን ጠፋች።

«ደግሞ ለፌኔት አትዘኚላት እሺ? ‹አንድ ቀን ደግመሽ ብታረፍጂ ትባረሪያለሽ› ተብላ የለ? ይኸው ዛሬ ደገመች። በቃ፣ ታርፋለች! ልጇን ራሷ ትይዛለች፣ ከሞግዚት ጋርም አትጨቃጨቅም። አየሽ ስንት ነገር እንዳሰበላት? ‹የፌኔት እጅ አመድ አፋሽ ነው› የሚሉ ክፉ ሰዎች አሉ። እኔ አልወጣኝም።»

ሰርቪሱ ፋብሪካው በር ላይ ቆመ። ዘካሪያስ ቀድሞ ለመውረድ ተነሳ፤ ሰው ግን መተላለፊያውን ሞልቶት ስለነበር እዚያው እንደቆመ ቀረ። መሰለች ድምጿን ይበልጥ አጣፈጠችው።

«እኔስ ልጁን ልመርቀው፤ አንቺም አሚን በይ። አላህም እግዜርም ያሳድጉት። ለሥራ አስኪያጅነት ያብቁት። የምትወደው ሚስት ይስጡት፣ ወልዶ ይሳም። ሚስቱም ልጁን አዝላ፣ በጭቃ ወደ ሰርቪስ ስትሮጥ… ልክ እሱን የመሰለ የተማረ ልጅ ይግጠማት።»