ሰው ሳይሞት የተነፋ ጥሩምባ

ረፋድ ላይ፣ አምባ ወንዝ በሚባል የገጠር ቀበሌ፣ በማኅበሩ ወፍጮ ቤት ደጃፍ፤ ባለወፍጮዋ አንጓች ዱቄት ለብሳ በሩ ላይ ቆማለች፣ የእድሩ ዳኛና የወፍጮ ማኅበሩ ሊቀመንበር አያ ይግዛው ለለቅሶ ኩታቸውን እንዳዘቀዘቁ ከፊቷ ተገትረዋል።

ይግዛው፦ ማነው የሞተው? አንድ ጊዜ ነው የምጠይቅሽ፤ ማነው የሞተው?

አንጓች፦ አሁን የጠየቁኝ አራተኛዎ ነው አያ ይግዛው። እኔም ለአራተኛ ጊዜ ልመልስ፤ ማንም አልሞተም።

ይግዛው፦ ማንም ሳይሞት የእድር ጥሩምባ ሦስት ጊዜ ይነፋል? ስድስት ጎረምሳ ዶማና አካፋ ተሸክሞ ቤተክርስቲያን ደርሶ ነበር እኮ! የት እንቆፍር እያሉ ቄሱን አፋጠጧቸው።

አንጓች፦ ቄሱስ ምን አሏቸው?

ይግዛው፦ ምን ይበሉ! «መጀመሪያ ሬሳውን አምጡ» አሏቸዋ። አትሳቂ! የእኔዋ ሴትዮ ንፍሮ ጥዳለች። የታች በሯ ብርቄ ደግሞ ሟቹ ማን እንደሆነ ሳታውቅ ደረቷን እየደቃች ሁለት ሙሾ አውርዳ ጨርሳለች።

አንጓች፦ ብርቄማ ለዶሮም ታለቅሳለች።

ይግዛው፦ በጨዋታ አታምልጪኝ። ማን ነፋው?

አንጓች፦ እኔ።

ይግዛው፦ ሴት ልጅ ጥሩምባ ትነፋለች?

አንጓች፦ እንዴት ነበር? ላይ በር ድረስ ተሰማ?

ይግዛው፦ ላይ በር ብቻ? ግራር አፋፍ ድረስ ተሰምቷል እንጂ!

አንጓች፦ ተመስገን። እኔም ለእነሱው ብዬ ነው።

ይግዛው፦ የእድሩ ድንኳንና ጥሩምባ በዚህ ወፍጮ ቤት ጓዳ የተቀመጠው አንጓች ታማኝ ናት፣ ቁልፍ ትያዝ ተብሎ ነው። እንድትጫወቺበት አይደለም። ደንቡን ደግሞ ታውቂዋለሽ። ያለ ሞት ጥሩምባ የነፋ ከእድር ይሰረዛል። አይጥ ለሞቷ የድመት አፍንጫ ታሸታለች አሉ! ያውም ሐሙስ መኪናው ሊመጣ ሦስት ቀን ሲቀረው።

አንጓች፦ የምን መኪና?

ይግዛው፦ የምን መኪና ትያለሽ እንዴ፣ የወረዳው ነዋ። የድሮውን የናፍጣ ሞተር ከመጋዘን አውጥቶ ያመጣል፣ ይህን ሶላርሽን ከነዲናሞው ጭኖ ይሄዳል። ወረቀቱ ላይ ማኅተም አድርጌበታለሁ። በይ አሁን የወፍጮ ቤቱን ቁልፍ አምጪ። ጥሩምባውንም አምጪ። እሑድ እድሩ ፊት ቆመሽ ይቅርታ ትጠይቂያለሽ፤ እኔም አማልድሻለሁ።

አንጓች፦ አልሰጥም።

ይግዛው፦ የቱን?

አንጓች፦ ሁለቱንም። ይቅርታውንም ጨምረው ሦስት ያድርጉት።

ይግዛው፦ አንጓች፣ ልብ ግዢ። ሶላሩ ከገባ ሁለት ወር ሆነው። በሁለት ወር ስንት ሰው መጣልሽ? ሴቱ ሁሉ አህያውን እየነዳ፣ አራት ሰዓት መንገድ ተጉዞ ማክሰኞ ገበያ ከተማ ነው የሚያስፈጨው። ጣሪያው ላይ የሰቀልነው መስታወት አልሆነልንም፤ ላም አለኝ በሰማይ ሆነብን።

አንጓች፦ ተረቱን ይጨርሱት እንጂ።

ይግዛው፦ «ወተቷንም አላይ።»

አንጓች፦ ታዲያ ይህ ፊቴ ላይ ያለው ምንድን ነው? እጅዎን ያምጡ። ያምጡ እንጂ! ዱቄቱን ይንኩት።

ይግዛው፦ ትኩስ ነው።

አንጓች፦ አሁን ከድንጋዩ ሥር የወጣ ነዋ። ማንም ባይመጣ የራሴን ሁለት ቁና ጤፍ አስገብቼ እየፈጨሁ ነው። ድንጋዩ ሲዞር ይሰማዎታል?

ይግዛው፦ እዚህ በሩ ላይማ ይሰማል። ቀፎ ውስጥ ያለ ንብ ይመስላል።

አንጓች፦ ከዚያ ከኮሶው ዛፍ ማዶስ?

ይግዛው፦ ከዚያ ማዶ ምን ይሰማል!

አንጓች፦ እሱን እኮ ነው የምልዎት! ወፍጮው ደህና ነው፣ ድምፁ ነው የጠፋው። ቅዳሜ የግራር አፋፏን የሺወርቅ ገበያ ላይ አገኘኋት። «ወፍጮአችሁ ከሞተ ሁለት ወር ሆነው አይደል? እግዜር ያጽናሽ» አለችኝ። በወፍጮ ሲያስተዛዝኑ ሰምተው ያውቃሉ? ለካ እሷ ጠዋት ጠዋት ጆንያዋን ሞልታ፣ አህያዋን ጭና፣ ጆሮዋን ወደዚህ ጥላ ትቆማለች። የድሮውን ሞተር ኩክ ኩክ ስታጣ ታራግፋለች። በማግስቱም ጭና ታራግፋለች። አገሩ ሁሉ እንደሷ ነው።

ይግዛው፦ ታዲያ በአፍሽ አትነግሪያቸውም ነበር?

አንጓች፦ ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ነገርኳቸው። «እሺ፣ ስንሰማው እንመጣለን» አሉኝ! ከአሥራ ሰባት ዓመት በላይ ያስለመድነው ጆሮ በአንድ ሰንበት ወሬ ይመለሳል? ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኔ ወፍጮ ግን በዝምታው ነቀዘ። ምን ላድርግ? ከዚህ ቤት ግራር አፋፍ የሚደርስ ነገር ጥሩምባው ብቻ ነው። ነፋሁት።

ይግዛው፦ እንግዲያው ነገሩ አለቀ! የጎደለው ድምፅ ከሆነ ባለድምፁን ሐሙስ እመልስልሻለሁ። ይህ ሁሉ ጠብ ያለሽ በዳቦ ምን ያደርጋል?

አንጓች፦ ጭሱንስ የት ያደርሱታል?

ይግዛው፦ ወይ ጭስ! ያ ሶላሩን ይዞ የመጣው ባለሙያ ስብሰባ ላይ ሲናገር እኔም ነበርኩ። ጭሱ ሰማይ ላይ ይከማቻል፣ ምድሪቱን ያግላል፣ ዝናቡን ያዛባል አለ። ይሁን። ግን ማነው ያጨሰው? መብራት ላመንጭ ብሎ ተራራ የሚያህል ከሰል የሚያነደው፣ ፋብሪካው፣ መኪናው፣ አውሮፕላኑ። ያ ሁሉ ባለጠጋ አገር ሰማዩን ሲያጥን ኖሮ፣ ዛሬ የአምባ ወንዝ ወፍጮ ይጥፋ? ዝሆኑን ትተው ትንኟን!

አንጓች፦ ልክ ነዎት።

ይግዛው፦ ልክ ነኝ?

አንጓች፦ ልክ ነዎት፣ ግፍ ነው። ያን ዕለት ተነስቼ ባለሙያውን ይህንኑ የጠየቅሁት እኔ አይደለሁም? መነጽሩን ይጠርግ ጀመር። ግን እስቲ ይንገሩኝ፣ ባለፈው ክረምት ጤፉን ስንቴ ዘሩት?

ይግዛው፦ ሁለቴ።

አንጓች፦ ለምን?

ይግዛው፦ ዝናቡ ጀምሮ ተወን። የመጀመሪያው ቡቃያ አፈር ላይ ደረቀ።

አንጓች፦ ታዲያ ያ ባለጠጋ አገር ሦስተኛውን ይዘራልዎታል? ጎረቤቴ ቆሻሻውን መንገድ ላይ ደፋ ብዬ እኔም ደጄ ላይ አልደፋም። እሱ ላይ እጮሃለሁ፣ ደጄን ደግሞ እጠርጋለሁ። አንዱ ሌላውን አይከለክለኝም። ከተማ እንኳ አውቶቡሱን በኤሌክትሪክ እያደረገ ነው ሲባል፣ እኔ ከመጋዘን ናፍጣ አጫሽ ላስወጣ? ሳይቸግር ጤፍ ብድር!

ይግዛው፦ ሐምሌ ሲገባስ? ደመናው ሲዘጋው በምን ልትፈጪ ነው፣ በጸሎት?

አንጓች፦ ቀን ቀን ገለጥ ሲል እፈጫለሁ፣ ሳይገልጥ ሲቀር እጠብቃለሁ። ደግሞስ በሐምሌ የማን ጎተራ ሙሉ ነው? ናፍጣውስ በሐምሌ መቼ መጣልን? ወንዙ ሞልቶ በርሜሉ ማዶ ሃያ ቀን ሲቀመጥ፣ ሞተሩ እዚህ ተገትሮ ሲያፈጥብን ረሱት? ፀሐይ ቢያንስ ወንዝ መሻገር የለባትም።

ይግዛው፦ መልስማ አታጪም። ብቻ እድሩን አስቢበት። ብንሰርዝሽ ማን ይቀብርሻል?

አንጓች፦ ጅብ ይብላኝ! ሰርዙኝ! ባሌን ፈንቴን ቀብራችሁልኛል፣ እግዜር ይስጣችሁ። እኔ የምከራከራችሁ ከዚህ ቤት ሁለተኛ ሬሳ እንዳይወጣ ነው።

ይግዛው፦ ፈንቴን እዚህ ውስጥ አታስገቢው።

አንጓች፦ እንዴት አላስገባው? አሥራ ሰባት ዓመት እዚህ ውስጥ አይደል የኖረው? በዚህች ጠባብ ቤት፣ ከዚያ ሞተር ጋር ተዘግቶ! ግማሹ ጭስ በቧንቧው ይወጣል፣ ግማሹ ደረቱ ውስጥ ይቀራል። የተፋበትን ጨርቅ ያጠብኩት እኔ ነኝ። ጥቁር ነበር። ሐኪሙ «ሲጋራ ስንት ዓመት አጨስክ?» ብሎ ጠየቀው። ፈንቴ ሲጋራ በእጁ ነክቶ አያውቅም።

ይግዛው፦ አውቃለሁ።

አንጓች፦ ካወቁ ያንን ሞተር ለምን ይመልሱብኛል? ማን ሊያስነሳው ነው? እኔ። ማን ሊተነፍሰው ነው? እኔ። የሰማዩን ጭስ ባለሙያ ይቁጠረው። ይህኛው ጭስ ግን መቃብር አለው፤ እርስዎም መንገዱን ያውቁታል።

ይግዛው፦ ሰው «የፀሐይ ሊቀመንበር» እያለ ይስቅብኛል። ሶላሩን ተከራክሬ ያስመጣሁት እኔ፣ ወፍጮውን ያስዘጋሁት እኔ። ጠላ ቤት በገባሁ ቁጥር «አያ ይግዛው፣ ዛሬ ደመና ነው፣ እራት የለም ማለት ነው?» ይሉኛል።

አንጓች፦ ለሳቅ ብለው ማኅተም የሚያነሱ ሰው አይደሉም። ሠላሳ ዓመት ነው የማውቅዎት። እውነቱን ይንገሩኝ።

ይግዛው፦ እውነቱን?

አንጓች፦ እውነቱን።

ይግዛው፦ ያቺን ጣሳ ታስታውሻታለሽ? ፈንቴ የጭስ ቧንቧው አናት ላይ ያሰራትን?

አንጓች፦ የዘይቷን ጣሳ? እንዴት እረሳታለሁ።

ይግዛው፦ ኩክ ኩክ የሚለው በሷ እኮ ነበር። መሰላሉን የያዝኩለት እኔ ነኝ። ወጣት ነበርን፤ እሱ ከላይ ሆኖ ይስቃል፣ እኔ ከታች ውረድ እያልኩ እሰድበዋለሁ። የማንም ወፍጮ እንደሷ አይልም። ከሞተ በኋላም አንቺ ሞተሩን ስታስነሺ፣ እኔ ማሳ ላይ ሆኜ በሬዎቼን አቆማለሁ። «ፈንቴ ሥራ ገባ» እላለሁ። ለራሴ ነው የምለው፣ ሰው አይሰማኝም። ሞተሩ ከተነቀለ ወዲህ ግን ጠዋቱ ጭር አለብኝ አንጓች። ጓደኛዬን ሁለተኛ የቀበርኩት መሰለኝ።

አንጓች፦ ለዚህ ነው?

ይግዛው፦ ለዚህ ነው። ሳቂ እንግዲህ።

አንጓች፦ አልስቅም። እርስዎ ድምፁ ናፈቀዎት። እኔ የናፈቀኝ ሰውየው ነው። ያ ድምፅ ነው የበላብኝ አያ ይግዛው! ኩክ ባለ ቁጥር ከዕድሜው ላይ ነበር የሚቆርሰው፣ እኛ ዘፈን መስሎን አብረን ስናንጎራጉር። ዳግመኛ በዚህ ቤት አይጮህም። እኔ ቆሜ አይጮህም!

ይግዛው፦ ተይ በቃሽ። አልቅሰሽ አታስለቅሺኝ። ሰው እያየን ነው።

አንጓች፦ ይየና። ይልቅ እርስዎ ዞር ብለው መንገዱን ይዩ።

ይግዛው፦ ምኑን? እነዚያ ጎረምሶች አይደሉም እንዴ፣ ቅድም ዶማ ይዘው የነበሩት?

አንጓች፦ ዶማውን ቤታቸው ጥለው ጆንያ ተሸክመው ነው የመጡት። ቅድም ከቤተክርስቲያን ወደዚህ ለቅሶ ሊደርሱ መጡ፣ ሬሳ አጡ፣ ዱቄት አዩ፣ እህል ሊያመጡ ተመለሱ። ከኋላቸው አህያ የምትነዳዋ የሺወርቅ ናት። መንገድ ላይ ነግረዋት መሆን አለበት፣ ከግማሽ መንገድ ተመልሳ ጭና መጣች።

ይግዛው፦ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች? በዱቄት ላይ ለቅሶ! ትመልሰው እንጂ፣ ሟርት አይሆንም?

አንጓች፦ የእርስዎም ኩታ ገና አልተመለሰም።

ይግዛው፦ ኧረ በጌታ! ይኸው፣ መለስኩት።

አንጓች፦ አሁንም የምነግርዎት ያው ነው። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው፣ አይወርድም። ሐሙስ መኪናው ቢመጣ እዚህ በሩ ላይ እተኛለሁ። ከፈለገ በላዬ ይለፍ።

ይግዛው፦ ተይ፣ ማንም በላይሽ አያልፍም። መኪናውን ያስጠራው ማኅተም የእኔ አይደል? የሚያስቀረውም የእኔው ነው። ይልቅ ጥሩምባውን አምጪው።

አንጓች፦ ጥሩምባውን አልሰጥም አልኩ እኮ!

ይግዛው፦ ለፈንቴ ሦስቱን የነፋሁት እኔ ነኝ፣ እስከ ዛሬ ከንፈሬ ላይ አለ። ሦስቱ ለሞት ይቀመጥ። ለዱቄት አንድ ረጅም ይበቃል፤ አምጪው፣ እሱንም እኔ ልንፋው።