ቶቢን ያተረፋት አንድ ዓመት

እንግዲህ ወገኖቼ፣ በዚህ ብርድ ቤተ ክርስቲያኑን ሞልታችሁ ስለመጣችሁልን እግዜር ይስጥልን። ይሄን የተናገርኩት እኔ የቶቢን አክስት ኤልቪ ነኝ፤ የጻፈችውም የምታነብላችሁም እህቱ አይላ ናት። እኔ እዚያ ቆሜ ማንበብ አልችልም። እንዳለ አንብቢው፣ አንድ ቃል እንዳታስቀሪ ብያታለሁ።

ቶቢን ከአባቱ ከሬይ ኒየሚና ከእናቱ ከዶውን፣ የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት፣ እዚሁ ላይኛው ሚሺጋን፣ መንገዱ ሁሉ በበረዶ በተዘጋበት በየካቲት ወር ተወለደ። ሐኪም ቤት እስኪደረስ እንኳ አልጠበቀም፤ የወንድሜ የጭነት መኪና ውስጥ ነው ዱብ ያለው። ያኔውኑ ይሄ ልጅ ችኩል ነው አልን። ስቀን ነበር ያልነው።

አያቱ አርቮ፣ የእኔ አባት፣ አላዩትም። በአርባ አራት ዓመታቸው የጣሪያ በረዶ ሲጠርጉ ወደቁና ጣሪያው ጣላቸው ተባለ። ቶቢን ስድስት ዓመት ሲሆነው፣ አይላ ገና በእቅፍ ሳለች፣ ወንድሜ ሬይ ከሳውና፣ ከእንፋሎት መታጠቢያው፣ ወጥቶ እንደ ልማዳችን ሐይቁ ውስጥ ዘለለና በዚያው ቀረ። እሱንም ውሃ ወሰደው ተባለ። በእኛ ቤት ሰው በልብ አይሞትም፤ ጣሪያ ይጥለዋል፣ ውሃ ይወስደዋል።

ትምህርቱን እዚሁ ከተማችን ተማረ፤ ሆኪም እንደ እኩዮቹ ተጫወተ። በአሥራ አምስት ዓመቱ በረዶው ሜዳ ላይ እየተንሸራተተ ሳለ ራሱን ስቶ ወደቀ። ቁርስ ሳይበላ ወጥቶ ነው ያልኩት እኔ ነኝ። ሥጋና ድንች የሞላበት አንድ ትልቅ ፓስቲ አብልቼ ወደ ሜዳው የመለስኩትም እኔ ነኝ።

ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ኪኔሲዮሎጂ ያዘ፤ ሰው እንዴት እንደሚንቀሳቀስ፣ ጡንቻውም ልቡም እንዴት እንደሚሠራ የሚያጠኑበት ነው። ጎረቤታችን ዋልተር፣ "መራመድ ለመማር አምስት ዓመት?" እያለ ያበሽቀው ነበር። እሱም፣ "አንተ ስትራመድ አይቻለሁ ዋልተር፣ ላንተ አሥርም አይበቃህ" ይለዋል። ዋልተር ዛሬ እዚያ ጥግ ተቀምጦ እንደሚያለቅስ አውቃለሁ።

ሦስተኛ ዓመት ላይ ውጤቱ ያማረ ስለነበር የመጀመሪያ ዲግሪውንና ማስተርሱን አጣምሮ የሚያስጨርስ ፈጣን መርሐ ግብር ውስጥ አስገቡት። ለየብቻ ቢሆን ስድስት ዓመት የሚፈጀውን በአምስት ይጨርሰዋል፤ ዘንድሮ የሚወስዳቸው የማስተርስ ኮርሶች ለሁለቱም ዲግሪ ይቆጠሩለት ነበር። አንድ ዓመት አተረፍኩ እያለ ደስታውን አልቻለውም። ምን ልታደርግባት ነው ስለው፣ የአባዬን ሳውና አድስባታለሁ አለኝ። አላገባም፣ ልጅም አልወለደ፤ ለሁሉም ጊዜ አለኝ ይል ነበር።

ቤተ ሙከራቸው ውስጥ ልማዳቸው እርስ በርስ መለካካት ነው፤ ዛሬ አንተ ትለካኛለህ፣ ነገ እኔ እለካሃለሁ። አፍና አፍንጫቸው ላይ ጭንብል አስረው አቅማቸው እስኪሟጠጥ በመሮጫ ማሽን ላይ ይሮጣሉ። ከዚያ በፊት የጤና መጠይቅ ይሞላል፤ አባትህ በልብ ሕመም በወጣትነቱ ሞቷል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ቶቢን ስምንት ጊዜ ሞልቶ ስምንቱንም ጊዜ "የለም" ብሏል። አልዋሸም። የነገርነውን ነው የጻፈው።

ባለፈው ጥር መምህራቸው፣ ዘመዶቻችሁ በምን በምን እንደሞቱ ጽፋችሁ አምጡ ብለው አዘዟቸው። እሑድ ከሰዓት ደወለልኝ።

"አክስቴ፣ አባዬ ዋና ይችል ነበር?" አለኝ።

ሬይ ያንን ሐይቅ ከዳር ዳር የሚያቋርጥ ሰው ነበር። ሲሞት የመረመሩት ሐኪም እኔንና እናቴን ለብቻ ጠርተው፣ ውሃ አይደለም የገደለው፣ ልቡ ነው የቆመው፣ ልጆቹን አስመርምሩ ብለውን ነበር። እናቴ ግን፣ ልጆቹ በፍርሃት አይደጉ፣ ለዶውንም ትንፍሽ እንዳትዪ አሉኝ። እሳቸው ካረፉ በኋላም አፌን እንደዘጋሁ ቀረሁ።

"እምብዛም አይችል፣ የኔ ልጅ" አልኩት።

ከዚያ እሺ አክስቴ አለና ስለ በረዶው አወራን።

ባለፈው ሰኞ፣ የመጀመሪያ ዲግሪውን ሊቀበል ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ዘጠነኛውን መጠይቅ ሞላ። ረፋድ ላይ ማሽኑ ላይ ወጣ፤ በአሥራ አንደኛው ደቂቃ ወደቀ። ጓደኞቹና መምህሩ አምቡላንስ እስኪመጣ እየተፈራረቁ ደረቱን ሲጫኑ ነበር፤ እነሱ ላይ ማንም ጣቱን እንዳይቀስር። ሰሞኑን ለቅሶ ልትደርሱ ቤታችን ስትመጡ ደግሞ ማሽኑ ጣለው ስትባባሉ ሰማሁ። ማሽን አልጣለውም። ልቡ ነው፤ እንደ አባቱ። የአያቱም ያው ይመስለኛል። ሐኪሙ ያኔ ያሉንን ለዶውን ረቡዕ ዕለት ነገርኳት። እስካሁን አላናገረችኝም፣ እውነቷን ነው።

ቶቢን ትቷቸው የሄደው እናቱን ዶውንን፣ እኔን አክስቱንና የአሥራ ሰባት ዓመት እህቱን አይላን ነው። አይላ ሯጭ ናት። በመጪው መስከረም እዚያው ዩኒቨርሲቲ ያንኑ ትምህርት ልትጀምር ተቀብለዋታል። ለማክሰኞ ጠዋት የልብ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ አስይዤላታለሁ፤ እሷ ግን የግንቦቱ ውድድር ይለፍ ትላለች። አሁን ይሄን እያጻፍኳት እንኳ፣ "አክስቴ ይሄ ይቅር፣ እኔ ደህና ነኝ" ትለኛለች።

እሱም ደህና ነበር። ጻፊው፣ አይላ። እናንተም ሰምታችኋል፤ ማክሰኞ ማታ እየደወላችሁ ሄድሽ ወይ በሏት። እኔ ብቻዬን የያዝኩት ነገር ምን እንዳደረገ አይታችኋል።

እግዚአብሔር የቶቢንን ነፍስ ከአባቱ ጎን ያሳርፍልን፣ እናቱን ያጽናልን። ያቺን ያተረፋትን አንድ ዓመት ደግሞ በእህቱ ዕድሜ ላይ ይጨምርልን። አሜን።